«በአዋጁ መሠረት ይሁን» ሲሉን መፈረም አለብን? የኅብረት ስምምነት ጥያቄ

የማሸጊያዋ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ቃሊቲ አካባቢ ካለ የምግብ ፋብሪካ ነው፤ ስሙን ተዉት። ፓስታና ብስኩት እንሠራለን። እኔ ማሸጊያ ክፍል ነኝ፣ የገባሁት በ2001 ነው። የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ከሆንኩ አራት ዓመት አልፎኛል። የመረጡኝ ጽሕፈቴ ያምራል ብለው እንጂ ሕግ አውቄ አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄዬ የጨዋ ጥያቄ ቢሆን አትፍረዱብኝ።

ማኅበራችን ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ሰኔ 30 ያበቃል። ግንቦት መግቢያ ላይ ሥራ አመራሩ «ማሻሻያ» ብሎ አሥራ አንድ ገጽ ረቂቅ ሰጠን። ሊቀ መንበራችን አገላብጦ አየውና «ሁሉም ላይ በአዋጁ መሠረት ይላል፤ ሕግ ከሆነ ከማን ጋር እንከራከራለን?» አለ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከነባሩ ስምምነት ጋር ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነበው ግን እንቅልፌ ጠፋ።

በዓመት ፈቃዱ ልጀምር። የእኛ ስምምነት ስሌቱን የወሰደው ከድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ377/1996 ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አዋጅ 1156/2011 ሲወጣ መነሻውን 16 አደረገና ጭማሪውን ወደ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን አወረደው። እኛ በድሮው ስሌት ቀጠልን፣ ባለፈው ድርድርም አልተነካም። አሁን ረቂቁ ወደ አዲሱ ይዙር ይላል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። አሥራ ሰባት ዓመት ላገለገለ ሰው በስምምነቱ 30 ቀን፣ በአዋጁ 24 ቀን ይሆናል። ስድስት ቀን ሄደ ማለት ነው። እናቴ ያለችው ደሴ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ነው የማያት፣ የማያትም በእነዚያ ቀናት ነው።

ቀጥሎ ሰርቪስ። አውቶቡሱ ቀርቶ በምትኩ በወር 600 ብር የትራንስፖርት አበል ይሰጣል ይላል። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ በሁለት ታክሲ በቀን ደርሶ መልስ 80 ብር አወጣለሁ። በሃያ ስድስት የሥራ ቀን 2,080 ብር ነው። ብሩስ እሺ ይሁን፣ የጠዋት ፈረቃ የሚገባው 12 ሰዓት ነው። በ10 ሰዓት ተኩል ሌሊት ታክሲ ልትፈልግ ከኮንዶሚኒየም የምትወጣ ሴት ምን እንደሚጠብቃት እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ከዚያ ሦስት ገጽ አለፍ ብሎ ሌላ አንቀጽ አለ፤ ማርፈድ። አሁን ባለን ስምምነት ሰርቪስ ዘግይቶ ያረፈደ ሠራተኛ አይቆጠርበትም። ረቂቁ ይህን ይሰርዝና «በአዋጁ መሠረት ይሆናል» ይላል። አዋጁ ደግሞ በጽሑፍ ማሳሰቢያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል ይላል። ሁለቱ አንቀጾች ለየብቻ ሲነበቡ ምንም አይመስሉም። አንድ ላይ አንብቧቸው እስቲ! አውቶቡሱን ያነሣል፣ ከዚያ ሰዓቱን ያጠብቃል። በክረምት ስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የማያረፍድ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ከአሁን በኋላ የሚቀጠሩ የማሸጊያ ሠራተኞች በኤጀንሲ በኩል ይሆናሉ የሚልም አለ። እነሱ የኤጀንሲው ሠራተኞች እንጂ የፋብሪካው አይሆኑም፣ የእኛ ማኅበር አባልም አይሆኑም። እኛ ጡረታ በወጣን ቁጥር ማኅበሩ እያለቀ ይሄዳል።

ለዚህ ሁሉ ማጣፈጫው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 1,200 ብር የደመወዝ ጭማሪ ነው፤ ግን ከሰኔ 30 በፊት ከተፈረመ ብቻ። እዚህ ላይ ነው የተከፋፈልነው። ወጣቶቹ «ብሩን እንቀበል፣ ፈቃዱም 14 የነበረው 16 ሆነልን» ይላሉ። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁላቸው። የእኔ ደመወዝ 7,400 ነው። ከ1,200ው ላይ ግብር 25 በመቶ 300 ብር፣ ጡረታ 7 በመቶ 84 ብር ሲነሣ 816 ይቀራል። 600ውን አበል ብትጨምሩበት 1,416። ታክሲው 2,080። በየወሩ 664 ብር ከኪሴ ጨምሬ ነው ጭማሪ አገኘሁ የምለው። አንዱ ልጅ «አንቺ ኮዬ ስለምትኖሪ ነው፣ እኔ በእግሬ ነው የምመጣው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልስ አጣሁ።

ጥያቄዬ እነሆ። «በአዋጁ መሠረት» የተባለውን አንቀበልም ማለት እንችላለን ወይ? ካልፈረምንስ ሰኔ 30 ሲያልፍ ምን ይመጣል? ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «ከመስከረም በኋላ በእጃችሁ ምንም አይኖርም» ብሎናል። እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ?


ጡረተኛው ፈታይ፦

ልጄ፣ የጨዋ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም እኔ ሊቀ መንበር በነበርኩበት ዘመን እንዳንቺ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን የሚዘረጋ ጸሐፊ ቢኖረኝ ኖሮ ብዙ ነገር ባልጠፋ ነበር።

ፈትል ክፍል የገባሁት በ1974 ነው፣ አዋጅ 64/1968 በነበረበት። ከዚያ 42/1985 መጣ፣ ከዚያ 377/1996። 1156 ሲወጣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር፣ ግን አንብቤዋለሁ። አዋጅ በተለወጠ ቁጥር አሠሪው ይዞ የሚመጣው ቃል አንድ ነው፦ «ሕጉ እንዲህ ስለሚል ስምምነቱም እንዲህ ይሁን»። ሕጉ ግን ወለል ነው፣ ከእሱ በታች አትውረዱ ነው የሚለው። ከፍ ማለትን አልከለከለም። ለሠራተኛው የሚሻለው የኅብረት ስምምነቱ ከሆነ ስምምነቱ ይሠራል፣ የሚሻለው ሕጉ ከሆነ ሕጉ ይሠራል። አዋጁ ራሱ ነው ይህን የሚለው። ስለዚህ 30 ቀንሽ ሕገ ወጥ አይደለም፣ «ይነሣ» የሚለውም የአሠሪው ሐሳብ እንጂ የሕግ ትእዛዝ አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ ያለው ግን ሙሉ ውሸትም አይደለም። የስምምነቱ ዘመን ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተቋጨ ስለ ደመወዝና ስለ ሌሎች ጥቅሞች የሚናገሩት ድንጋጌዎች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። እኛን ያቃጠለን ይኸው ነው። በ2002 ዘመኑ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ አንድ ሳምንት ታመመ፣ አንድ ሳምንት ወደ ውጭ ሄደ፣ አንድ ቀን የስብሰባ አዳራሹ ቁልፍ ጠፋ። እኛ እየሳቅን «ነገ ይሁን» ስንል ሦስት ወሩ ሞላ። በጥጥ ብናኝ ለምንሠራው በየቀኑ ይሰጠን የነበረው ወተት በዚያው ቀረ። ወተት ነው፣ ምን አላት ትይ ይሆናል። ሳሉ የያዘን ሰዎች ግን እናውቃለን።

አሁን ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። ድርድር እንጠራለን የሚል ደብዳቤ ዛሬውኑ ጻፊ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርገሽ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ተቀበይ። በጽሑፍ የተጠራ ወገን በአሥር ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በተሰበሰባችሁ ቁጥር ቃለ ጉባኤው እዚያው ተጽፎ እዚያው ይፈረም። «ቢሮ ሄደን ተይቦ ይመጣል» ካሉሽ እሺ አትበይ፣ የሚያምር ጽሕፈት አለሽ ብለሽ የለ! አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እንደገና መደራደር የሚጀመረው እኮ ዘመኑ ከማለቁ ሦስት ወር በፊት ነው። መጋቢት ላይ ምን ስትሠሩ ነበር?


የሰው ሀብት፦

እህቴ፣ እኔ በሌላ ድርጅት የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ነኝ፤ ስለዚህ ሁሉም እንደሚሰድበኝ እያወቅሁ ነው የምጽፈው።

ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለውንም ተመልከቱ። ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሬ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማሸጊያም፣ መለዋወጫም፣ የአውቶቡስ ጎማም ዋጋው ሌላ ነው። ሰርቪስ በጀት ላይ ትልቅ ቀዳዳ መሆኑን ከእኔ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ። አሠሪው 1,200 ብር ለሁሉም ሲጨምር ያንን ብር ከአንድ ቦታ ማምጣት አለበት። ሁሉንም ይዤ ልጨምር ቢል ፋብሪካው ይዘጋል፣ ያኔ 30 ቀኑም 24 ቀኑም የለም።

የሠራተኛው ስሌት ግን ትክክል ነው፣ አልክድም። ሰርቪስ አንሥቶ የማርፈድ ቅጣት ማጥበቅ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ሁለቱን በአንድ ረቂቅ አላስገባም ነበር። በፈቃዱ ላይ ግን ሚዛናዊ ሁኑ፤ አዲሱ ስሌት ለወጣቶቹ ይጠቅማል። አዲስ ገቢው ከ14 ወደ 16 ከፍ ይላል፣ ይህ እንደ ጥቅም ሊቆጠር ይገባል።


የሁለት ዓመት ሠራተኛ፦

እኔ ሌላ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ሁለት ዓመቴ ነው። ትልልቆቹን አከብራለሁ፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። የቤት ኪራይ በየወሩ ነው፣ የዓመት ፈቃድ በዓመት ነው። 1,200 ብር ዛሬ ይሰጥህ ወይስ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ፈቃድ ይጠበቅልህ ብትሉኝ ብሩን እወስዳለሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ እዚሁ እንደምገኝስ በምን አውቃለሁ? በማኅበር ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የሚናገሩት አሥራ አምስት ዓመት የሠሩት ናቸው፤ እኛን የሚጠይቀን የለም።


ከሥራ ክርክር ችሎት ደጃፍ፦

ጠበቃ ነኝ፣ የምሠራው ለሠራተኞችም ለአሠሪዎችም ነው። ከላይ የሰው ሀብት ኃላፊው ያሉት አንድ ነገር አላሳለፈኝም።

«አዲስ ገቢው ከ14 ወደ 16 ከፍ ይላል» አሉ። ከፍ አይልም፤ ድሮም 16 ነበር! ጡረተኛው አባታችን እንደጻፉት ለሠራተኛው የሚሻለው ሕጉ በሆነበት ቦታ ሕጉ ይሠራል። አዋጅ 1156 ከጸናበት ጊዜ ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የ16 ቀን ባለቤት ነው፤ ስምምነቱ ላይ 14 መጻፉ አይጎዳውም። ቁጥሩን ተመልከቱ። በመጀመሪያው ዓመት ስምምነቱ 14፣ ሕጉ 16 ነው። በሁለተኛው 15 እና 16። በሦስተኛው 16 እና 17። በአራተኛውና በአምስተኛው ይገናኛሉ፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ስምምነቱ ይበልጣል። ረቂቁ ለወጣቶቹ የሚሰጠው አንድም ቀን የለም። የራሳቸውን በሬ ከበረታቸው አውጥቶ መልሶ እየሸጠላቸው ነው። እኔ ብሆን አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ እስካሁን የሰው ሀብት ክፍሉ ለአዳዲሶቹ ሲሰጥ የነበረው ስንት ቀን ነው?

ሰኔ 30ን በተመለከተ። «በእጃችሁ ምንም አይኖርም» ማለት የተጋነነ ነው። በአዋጁ የተሰጣችሁ መብት ሁሉ ይቀጥላል። የምትቀበሉት ደመወዝም በየግል የሥራ ውላችሁ የጸና ስለሆነ ሦስት ወሩ አለፈ ተብሎ አይቀነስም። አደጋ ላይ ያሉት በኅብረት ስምምነቱ ብቻ የቆሙት ናቸው፤ ሰርቪስ፣ ቦነስ፣ የምግብና የሳሙና ዓይነት ነገሮች። ከሕግ በላይ ያለው የፈቃድ ቀን «ጥቅም» ነው ወይስ «የሥራ ሁኔታ» ነው የሚለው የሚያከራክር ነው፤ እኔ በሁለቱም በኩል ተከራክሬበት አውቃለሁ፣ አንዱን ረትቼ አንዱን ተረትቻለሁ።

መግባባት ካልቻላችሁ ሦስት ወሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የወል ክርክር (የአንድ ሰው ሳይሆን የሠራተኞች የጋራ ክርክር) ስለሆነ አስማሚ እንዲመደብ ጠይቁ፤ አስማሚው በሠላሳ ቀን ካልቋጨው ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ይህን ደብዳቤ ሐምሌ ላይ ማስገባትና መስከረም ላይ ማስገባት አንድ አይደለም። ስለ ሥራ ማቆም የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ ቀዝቀዝ ይበል፤ የማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛ በተገኙበት ስብሰባ በድምፅ ብልጫ መደገፍ አለበት፣ ከዚያም የአሥር ቀን ማስታወቂያ አለ። በስሜት የተደረገ እንደሆነ አሠሪው ነው የሚጠቀመው።

የግል ወረቀት እየጠሩ ሊያስፈርሟችሁ ይሞክሩ ይሆናል። ማንም ለብቻው አይፈርም። የማኅበር አባል ወይም ተጠሪ መሆን ለስንብት ምክንያት እንደማይሆንም አዋጁ በግልጽ ጽፏል፤ ይህን ለሚፈሩት አንብቢላቸው።


የማሸጊያዋ ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘግይቼ የመለስኩት ሥራ ስለያዘኝ ነው።

በቅድሚያ ለአባቴ ለጡረተኛው፦ መጋቢት ላይ ተኝተን ነበር። ሌላ መልስ የለኝም። ሊቀ መንበሩ የወንድሙ ሠርግ ነበረበት፣ እኔ ልጄ ታሞብኝ ነበር፣ የቀሩት ደግሞ «እነሱ ይጠሩናል» ብለው ተቀመጡ። ደብዳቤውን ማክሰኞ ገቢ አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩ ያለበት ቅጂ የአልጋዬ ፍራሽ ሥር ነው።

የጠበቃዋን ጥያቄ ይዤ (ወንድ ከሆኑ ይቅርታ) የፈቃድ ካርዶቹን ለማየት ሄድኩ። የሰው ሀብት ጸሐፊዋ አብራኝ የምታስቀድስ ልጅ ናት፤ «ምን ፈልገሽ ነው?» ስትለኝ «የራሴን» አልኳት። የራሴን አሳየችኝ፣ 30 ይላል። ከዚያ ወደ ክፍላችን ተመልሼ ወጣቶቹን ምሳ ሰዓት ላይ «የተፈቀደላችሁን ወረቀት አምጡ» አልኳቸው። ዘጠኝ ልጆች አመጡ። የመጀመሪያ ዓመት ልጆች 14፣ የሁለተኛ ዓመት 15፣ የሦስተኛ ዓመት 16። አንድም ሰው ሕጉ የሚለውን አላገኘም። በእግሬ ነው የምመጣው ያለኝ ያ ልጅ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አንደኛው ዓመት ላይ ሁለት፣ ሁለተኛው ላይ አንድ፣ ሦስተኛው ላይ አንድ፤ አራት ቀን ተቆርጦበታል። ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር እያየሁት ነበር። ለአያቱ ቀብር ጎጃም ለመሄድ ሁለት ቀን ሲጠይቅ «ፈቃድህ አልቋል» ብለው ያለ ክፍያ ነው የሄደው። ምንም አልተናገረም። ብቻ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣና የሌላ ክፍል ልጆችን ወረቀት ሰብስቦ ማታ ሰርቪስ ላይ አመጣልኝ። አሁን ሠላሳ አንድ ወረቀት አለኝ።

የሁለት ዓመት ሠራተኛው ሆይ፣ አንተንም ልመልስልህ። አይጠይቁንም ያልከው እውነት ነው። እኔ ራሴ ስድስቱን ቀን ሳሰላ አንድም ጊዜ የወጣቶቹን ወረቀት ለማየት አላሰብኩም፤ ለአራት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ! የአንተንም ካርድ እስቲ እየው። 16 ካልሆነ ለማኅበርህ ንገር።

የሰው ሀብቱ ወንድሜ፣ አልሰደብኩህም። የፋብሪካው ወጪ እንደጨመረ እኔም አያለሁ፤ የካርቶኑ ጥራት ራሱ ወርዶ እጃችን ውስጥ ይቀደዳል። ሰርቪሱ ከባድ ከሆነ የቀን ፈረቃው በአበል ይሁንና የሌሊቱና የጠዋቱ አውቶቡስ ይቆይ የሚል ሐሳብ ይዘን ልንገባ ነው። ማርፈዱ ግን እንደነበረ ይቆያል፤ እሱ ላይ አንነቃነቅም። ስለ ኤጀንሲው ገና አልተስማማንም። ከእኛው መሀል «እኛን እስካልነካ ምን አገባን» የሚሉ አሉ፣ ያውም ልጆቻቸውን እዚያው ማስቀጠር የሚፈልጉ ሰዎች። አዋጁ በ2011 ሲወጣ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝ ይወስናል ብሎ ነበር፤ ያ ነገር ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ቆየ። ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት በኤጀንሲ የምትቀጠር ልጅ የምታገኘው የሰጧትን ነው፤ ድርድርም የላትም።

ጠቅላላ ጉባኤው የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አሉን። ችግሩ ቅዳሜ ከሰዓት ሰርቪስ የለም፤ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚቆይ ሰው በራሱ ታክሲ ነው የሚሄደው። ከማኅበሩ መዋጮ ላይ አውቶቡስ እንከራይ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፣ ገንዘብ ያዡ «ለዚህ መተዳደሪያ ደንቡ አይፈቅድም» አለኝ። ደንቡንም ዛሬ ማታ እዘረጋዋለሁ።


ጡረተኛው ፈታይ፦

ልጄ፣ ሠላሳ አንዱን ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን ለፌዴሬሽናችሁ ስጪ፣ አንዱን ከግቢው ውጭ አስቀምጪ፤ ፍራሽ ሥር አይሁን፣ ልጆች ያገኙታል። ዋናውን ለየባለቤቱ መልሺ።

አውቶቡሱን ደግሞ ከመዋጮ ማውጣት ካልተቻለ ሰው ራሱ አሥር አሥር ብር ያዋጣ። እኛ በ1999 ለጉባኤ አይሱዙ ተከራይተን ነበር፣ ከኋላ ተሳፍረን። ዝናብ ነበር፣ ግን ምልዓተ ጉባኤው ሞላ።